አራትና ስምንት የት ሄዱ?

እኛ እስክስታ ስንለምድ «ክንድህን አንሳ» ያለን ሰው አልነበረም። እጅህን ወገብህ ላይ ጣል አድርገህ ትከሻህን መልቀቅ ነው። ሴቲቱም ፊት ለፊትህ ቆማ ታርገፈግፋለች፤ ማንም የማንንም ጆሮ አይቧጭርም። አሁን በስተርጅና ባለቤቴ «ሳልሳ ካልተማርን ሞቼ እገኛለሁ» ብላ አንድ አዳራሽ አስገባችኝ። የልጅ ልጄ የሚያክል አስተማሪ «አባባ፣ ትከሻ አይንቀሳቀስ!» ይለኛል። ዕድሜ ልኬን ያስጨበጨበልኝን ትከሻ!

ዋናው መከራ ሶምብሬሮ የሚሉት ነው። ቀኟን በቀኝህ፣ ግራዋን በግራህ ትይዛለህ፤ ቀኙ ከላይ ይሆናል። አራቱንም እጅ ሽቅብ አንስተህ በሥሩ ታዞራታለህ። ዞራ ጎንህ ስትቆም አንዱ ጥንድ እጅ በእሷ አናት፣ ሌላው በአንተ አናት ያልፍና የሁለታችሁም ማጅራት ላይ ያርፋል። ይህ ሁሉ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት» እየተባለ ነው። አራትና ስምንት የት ሄዱ ብዬ ብጠይቅ «ማረፊያ ናቸው» አሉኝ። እኔ ያረፍኩበትን አላየሁም።

«ጣትዎን ያላሉት» ይላል ልጁ። እዚህ ላይ እውነቱን ነው፤ ጨብጠህ ከያዝካት አንጓዋ ይጠመዘዛል። እጅህም ከአናቷ በላይ መዋል አለበት፤ ወደ ግንባሯ ከወረደ ሚዛኗን ትስታለች። ግን ባለቤቴ በቁመት ትበልጠኛለች፤ በዚያ ላይ ገና ከካስክ የወጣ ጸጉር አለ! ባለፈው የእጅጌዬ ቁልፍ ጉትቻዋ ውስጥ ገብቶ፣ ዘፈኑ እስኪያልቅ ጆሮዋና ሸሚዜ አብረው ጨፈሩ። ጥፋተኛው ደግሞ እኔ ነኝ አሉ፤ መሪው ወንዱ ነዋ! ቤታችን ውስጥ ማን እንደሚመራ ለአስተማሪው የሚነግርልኝ ጠፋ።

ከሁሉም የሚያበግነኝ ያ ጎረቤቴ ነው። በደርግ ጊዜ ኩባ ከተላኩት በሺህ የሚቆጠሩ ልጆች አንዱ ነው፤ ኢስላ ዴ ላ ሁቬንቱድ የሚባለው ደሴት ላይ ተምሮ የመጣ። ሶምብሬሮን ጋቢ እንደሚደርብ ሰው ነው የሚሠራው። ሠርቶ ቢቀመጥ ምን ነበረበት? ታሪክ ይጨምርልኛል፦ የኩባዎቹ አጨፋፈር ካዚኖ የተባለው በፈረንጆቹ 1950ዎቹ ሃቫና ውስጥ ካዚኖ ዴፖርቲቮ ከሚባል ክበብ ነው እያለ። ማን ጠየቀው? እኔን ያመመኝ ክንዴ ነው።

እህቶቼ፣ ሳልሳ ስትመጡ ጉትቻችሁን ቤት አስቀምጡ። ለባለቤቴ ግን ከእናንተ አንዳችሁ ንገሩልኝ።