ሠላሳ ሰባቱን ያሰናብቱ

አበው ስለ ምርጫ የተዉልን ምክር ሁለት ነው፤ ሁለቱም አይስማሙም። አንዱ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይላል። ሌላው «መራጭ ይወድቃል ከምራጭ» ብሎ ያስፈራራል። አንባቢ ሆይ፣ ትዳር ፍለጋ ላይ ከሆኑ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ተንጠልጥለው እንደሚያድሩ እናውቃለን። ይህ ጽሑፍ ሊገላግልዎ ተነሥቷል። ከእንግዲህ አጎትዎን፣ የንስሐ አባትዎንና የሥራ ባልደረባዎን መጠየቅ ይተዉ። ጉዳዩ የሒሳብ ነው፤ መልሱም 37 ነው።

ለአጻጻፍ እንዲመቸን እጩን «እሷ» ብለናል። ሴት አንባቢያችን «እሱ» እያሉ ያንብቡት፤ ሒሳቡ ጾታ የለውም።

ጥያቄው በሊቃውንት ዘንድ የቆየ ነው። አሜሪካዊው መሪል ፍለድ እ.ኤ.አ. በ1949 «የእጮኛዋ ችግር» ብሎ አንሥቶት ነበር። በ1960 ማርቲን ጋርድነር በሳይንቲፊክ አሜሪካን መጽሔት ላይ በወረቀት ቁራጭ የሚጫወቱት ጨዋታ አድርጎ ለሕዝብ አወጣው። ኋላ ላይ ጸሐፊ የሚቀጥር አለቃ ታሪክ ተለጠፈበትና «የጸሐፊዋ ችግር» የሚለው ስም ጸና። እጮኛዋ ጸሐፊ ሆና ብትቀጠርም ሒሳቡ አልተለወጠም።

ሕጉን ልብ ብለው ያድምጡ። የእጩዎቹ ቁጥር አስቀድሞ ይታወቃል፤ 100 ይሁኑ። ተራቸው በዕጣ ወጥቶ አንድ በአንድ ይቀርባሉ። እርስዎ ከፊትዎ ያለችውን ካለፉት ጋር ከማወዳደር በቀር ስለሚመጡት ምንም አያውቁም። እምቢ ያሏት አትመለስም፤ እሺ ያሏት አትቀየርም። የሚፈልጉትም ከመቶዎቹ አንደኛዋን ብቻ ነው፤ ሁለተኛዋን ማግኘት መቶኛዋን ከማግኘት አይሻልም። እንግዲያው የመጀመሪያዎቹን 37 የቱንም ያህል ልብዎን ቢያሸፍቱት ያሰናብቷቸው። ከ38ኛዋ ጀምሮ ካለፉት ሁሉ የምትበልጥ ስትመጣ ሳይውሉ ሳያድሩ ሽማግሌ ይላኩ። 37 ከየት መጣ ቢሉ፣ የሒሳብ ሰዎች «ኢ» የሚሉት 2.718 ብሎ የሚጀምር ቁጥር አለ። አንድን ለእሱ ሲያካፍሉ 0.368 ይወጣል። ከዚህ በላይ ለሽማግሌዎቹ ማስረዳት አይጠበቅብዎትም።

አሁን ወደ አፈጻጸሙ እንለፍ።

አንደኛ፣ ቁጥርዎን ይወቁ። በሕይወትዎ ስንት እጩ እንደሚያጋጥምዎ የሚነግርዎ ቀበሌ ስለሌለ በዓመት ይቁጠሩ። ከ18 ዓመትዎ እስከ 40 ዓመትዎ ለመፈለግ ካሰቡና እጩዎቹም በየዓመቱ በእኩል ከመጡልዎ፣ ከ22ቱ ዓመት 37 ከመቶው ስምንት ዓመት ገደማ ነው። 26 ዓመት እስኪሞላዎ ድረስ የሚተዋወቋት ሁሉ መለኪያ ነች ማለት ነው። ይህን በጨዋ ደንብ ይንገሯት፤ «አንቺ መለኪያዬ ነሽ» ይበሏት። ቅር ከተሰኘች የሒሳብ መሠረቷ ደካማ መሆኑን በማስታወሻዎ ላይ ይመዝግቡ። በ26ኛው የልደት ቀንዎ ማለዳ ደግሞ የማየት ዘመን አልቆ የመያዝ ዘመን መግባቱን ለእናትዎ ያብስሩ። እርሳቸው ይህን ቀን ከእርስዎ በፊት ሲጠብቁት ኖረዋል።

ሁለተኛ፣ ይታገሡ። ሲልና ራፖፖርት የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች በሙከራ ላይ ሕጉ ከሚያዘው ቀድመው ያቆማሉ። እርስዎም 19ኛዋ ላይ ይደክምዎታል። ሕጉ ግን የማኪያቶ ሒሳብ የሚከፍል ሰው የጻፈው ስላልሆነ ድካምዎን አይቆጥርልዎትም።

ሦስተኛ፣ ለውጤቱ ልብዎን ያዘጋጁ። ሕጉን አንድ ነጥብ ሳይስቱ ቢፈጽሙት አንደኛዋን የማግኘት ዕድልዎ ከመቶ 37 ነው። በጭፍን ዕጣ ቢያወጡ ከመቶ አንድ ነበርና ይህ ትልቅ ድል ነው። ነገር ግን አንደኛዋ ካሰናበቷቸው 37 መካከል የነበረች የመሆኗ ዕድልም ከመቶ 37 ነው። ያን ጊዜ ከእሷ የምትበልጥ ስለማትመጣ ስድሳ ሁለቱን በኩራት ያሳልፉና መቶኛዋ ላይ ይደርሳሉ፤ መቶኛዋን ያለ ማማረጥ ይወስዳሉ። የእሷ ደረጃ በአማካይ 51ኛ ነው። «መራጭ ይወድቃል ከምራጭ» ያለው ሰው ማስያ አልነበረውም እንጂ ሒሳቡ ትክክል ነበር። በቀሪው 26 ከመቶ ደግሞ ደህና ግን አንደኛ ያልሆነች ያገባሉ። ይህ ዕጣ ከወጣልዎ በሠርጉ ቀን ፊትዎ ላይ እንዳይነበብ ይጠንቀቁ።

እዚህ ላይ አንድ ቁም ነገር ጣል እናድርግ። ከዚህ የሚሻል ሕግ እንደሌለ ተረጋግጧል፤ ሆኖም በጥበብ ሁሉ የተመራ ሰው ከሦስት ሁለት ጊዜ ገደማ የፈለገውን አያገኝም። ስለዚህ የተሳካለትን ጎረቤትዎን ብልህ፣ ያልተሳካለትን ወንድምዎን ሞኝ አድርገው አይፍረዱ።

አራተኛ፣ እሷም ትቆጥራለች። ይህ ጽሑፍ በእጅዋ ገብቶ ይሆናል፤ ለእርስዎ 38ኛ ስትሆን እርስዎ ለእሷ አራተኛ፣ ማለትም መለኪያ ሊሆኑ ይችላሉ። ሊቃውንቱ ይህንንም አስበውበታል። ሽማግሌዎችዎ ግማሽ በግማሽ በባዶ እጃቸው የሚመለሱ ከሆነ መለኪያዎን ወደ 25 ይቀንሱና ከ26ኛዋ ጀምሮ ይላኩ። የስኬት ዕድልዎም ከመቶ ወደ 25 ይወርዳል። ለሽማግሌዎቹ ምሳ የሚወጣው ግን እንደ ላኩት ብዛት ይጨምራል።

አምስተኛ፣ ከታላላቆች ይማሩ። ፕላኔቶች በሞላላ መንገድ እንደሚዞሩ የደረሰበት ዮሐንስ ኬፕለር እ.ኤ.አ. በ1611 ሚስቱ ሞተችበት። ሰማዩን ለክቶ የጨረሰ ሰው ነውና ሁለተኛውን ትዳር እንደ ምርምር ያዘው፤ በሁለት ዓመት ጊዜ ውስጥ አሥራ አንድ እጩ መርምሮ ውጤቱን በ1613 በጻፈው ደብዳቤ ዘርዝሯል። የመጀመሪያዋን የአፏ ጠረን ከለከለው። የአሥራ አንደኛዋ ዕድሜ ገና ልጅነት ነበር። ከአራተኛዋና ከአምስተኛዋ መካከል ሲያመነታ አራተኛዋ መጠበቁ ሰልችቷት ለሌላ ቃል ገባች። አምስተኛዋ ሱዛና ሮይቲንገር የ24 ዓመት ወላጅ አልባ ነበረች፤ ወዳጆቹ ግን ዘርና ጥሎሽ የላትም ብለው አንሾካሾኩ። እሱም ሰማቸውና እስከ አሥራ አንደኛዋ ዞረ። በመጨረሻ ወደ ሱዛና ተመለሰ፤ እሷም እሺ አለችው።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ለአሥራ አንድ እጩ ሕጉ አራቱን አሳልፈው ከአምስተኛዋ ጀምሮ እንዲወስኑ ያዝዛል። ኬፕለር ሕጉ ሳይወለድ ሕጉ ያለበት ደጃፍ ላይ ቆሞ ነበር። ከስድስተኛዋ እስከ አሥራ አንደኛዋ የጨረሰው ጫማ ሁሉ የወዳጆቹ ዕዳ ነው። እርስዎም ወዳጆች ካሉዎት በዚህ ወቅት ወደ ክፍለ ሀገር ይላኳቸው። ሱዛናን ተመልሶ ማግኘቱንም እንደ ብልሃት አይቁጠሩለት። «እምቢ ያሏት አትመለስም» የሚለውን ደንብ ያፈረሰችው እሷ ነች፤ በእርስዎ ሰፈር ያሉት ይህን ያህል ቻይ መሆናቸውን ሳያረጋግጡ አይሞክሩት።

ስድስተኛና ዋናው፣ ግብዎን ይመርምሩ። እስካሁን ያየነው ጭካኔ ሁሉ የመጣው «አንደኛዋ ወይም ምንም» ካሉት ከእርስዎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ቻው፣ ሞሪጉቲ፣ ሮቢንስና ሳሙኤልስ ጥያቄውን ቀየሩት፤ አንደኛዋን ብቻ ማሳደድ ቀርቶ የምናገኛት ሰው ደረጃ በአማካይ የተሻለ እንዲሆን ብንፈልግስ አሉ። ያን ጊዜ ሩብ ገደማ ካሳለፉ በኋላ ካለፉት የምትበልጠውን ይይዛሉ። ካልተገኘች ግማሹ ሳይጋመስ ካለፉት ሁለተኛ የምትሆነውንም፣ ከዚያ ሦስተኛዋንም እያሉ ቀስ በቀስ እጅዎን ያላላሉ። ውጤቱ ያስደንቃል፤ እጩዎቹ መቶም ይሁኑ ሚሊዮን፣ የሚያገኟት ሰው ደረጃ በአማካይ ከአራተኛ አይወርድም። አንደኛዋን ካልሆነ ያሉት 51ኛዋን ሊያገቡ ይችላሉ፤ ደህና ሰው ይበቃኛል ያሉት ከሚሊዮን አራተኛዋን ገደማ አገኙ። ይህን ለአክስትዎ ቢነግሯቸው «እኔ ምን አልኩህ» ማለታቸው አይቀርም፤ ይፍቀዱላቸው።

ሌላም ልንገርዎ። 37ን እንደ ታቦት ሲሸከሙት ቆይተው ይሆናል። 30 ብቻ አሳልፈው ቢጀምሩ የስኬት ዕድልዎ ከመቶ 36 ነው። እስከ 45 ቢዘገዩም ያው 36 ነው። ከትክክለኛው ስፍራ ራቅ ብለው የሚያጡት አንድ ከመቶ ያህል ነው፤ ከምርጡ አጠገብ መሬቱ ሜዳ ነውና።

ይህንንም መጀመሪያ ካስተዋሉት አንዱ ያው ኬፕለር ነው። ሱዛናን ባገባበት መከር በሊንዝ የወይን ጠጅ ረክሶ ነበርና በርሜል በርሜል ገዛ። ሻጩ መጥቶ በቡሹ ቀዳዳ ዘንግ በሰያፍ ሰደደና የበርሜሉን ቅርጽ እንኳ ሳይመለከት ዋጋ ተናገረ። ኬፕለር እንቅልፍ አጣ፤ በ1615 ስለ ወይን በርሜሎች ይዘት ሙሉ መጽሐፍ አሳተመ። የኦስትሪያ በርሜል ሠሪዎች ቅርጽ ብዙ ከሚይዘው ቅርጽ አጠገብ መሆኑን፣ እዚያ አጠገብ ሲሆኑ ደግሞ ትንሽ ቢሳሳቱ የሚጎድለው ወይን ከቁጥር የማይገባ መሆኑን ጻፈበት። ሚስት ሲመርጥ ሁለት ዓመት ያሠቃየው ጥያቄ መልሱ በጓዳው ተደርድሮ ነበር።

እርስዎም ካገቡ በኋላ ወደ እጩዎቹ መዝገብ ተመልሰው «ያቺ 12ኛዋ ግን...» አይበሉ። መቁጠር የማይተውዎ ከሆነ የሠርጉን ጠጅ ይስፈሩ፤ እሱ በየትኛውም ሒሳብ ማነሱ አይቀርም።