አርተርን ስንጠብቅ እሌኒ መጣች

አንባቢ ለደራሲ ብዙ ነገር ይቅር ይላል። ገጹ ቢበዛ፣ ስሙ ቢያምታታ፣ ጀግናው ቢያሰለች ችሎ ያነባል። የጠበቀው ሰው ሳይመጣ መጽሐፉ ሲያልቅበት ግን ጠበኛ ይሆናል። በንጉሥ አርተር ስም የሚሸጥ መጽሐፍ ገዝቶ አርተር የሌለበት ሆኖ ያገኘ ሰው ምን እንደሚል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ተናጋሪዋ የእህቴ ልጅ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሜሪካዊቷ ደራሲ ማሪዮን ዚመር ብራድሊ እ.ኤ.አ. በ1983 «የአቫሎን ጭጋግ» የተባለ ዳጎስ ያለ ልብ ወለድ አሳተመች። የአርተርን ታሪክ ከክብ ጠረጴዛው ፈረሰኞች ወስዳ ለሴቶቹ ሰጠች። ሌላ ቦታ መተተኛ ተብላ የምትሰደበው ሞርጌን እዚህ የራሷ ሐሳብና የራሷ ሐዘን ያላት ሴት ካህን ሆነች። መጽሐፉ ተወደደ፤ የተወደደ መጽሐፍ ደግሞ «ሌላስ የለም ወይ?» ያስብላል። ችግሩ፣ አርተር መጨረሻው ላይ ይሞታል። ወደ ፊት የሚኬድበት መንገድ ስለተዘጋ ወደ ኋላ ተኬደ።

መጀመሪያ «የጫካው ቤት» ሮማውያን ብሪታንያን ወደ ያዙበት ወደ አንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወረደ። በ1997 «የአቫሎን እመቤት» ወጣ። ብራድሊ በ1999 ስታርፍ በጅምር የቀረውን «የአቫሎን ሴት ካህን» ደራሲ ዳያና ፓክስሰን ጨረሰችው። ፓክስሰን በዚያ አላበቃችም። ከሰመጠችው አትላንቲስ የተሰደዱትን ሰዎች ጻፈች፤ በሮም ላይ ያመፀችውን ንግሥት ቦዲካን ጻፈች፤ በመጨረሻም በ2009 የአርተር ሰይፍ ወደተሠራበት ወደ ነሐስ ዘመን ተመለሰች። ትንሽ ቢቆዩ ኖኅ መርከብ ላይ ይደርሱ ነበር።

ውጤቱን አስቡት። መጀመሪያ የተጻፈው መጽሐፍ በታሪኩ የጊዜ ቅደም ተከተል የመጨረሻው ሆነ። «ከሥሩ ልጀምር» ያለ አንባቢ አርተርን የሚያገኘው ሰባተኛው መጽሐፍ ላይ ነው። ለጋብቻ የተላኩ ሽማግሌዎች ሰባት ቤት ሲቆጥሩ ሙሽራው ደጅ ቆሞ እንደሚጠብቀው፣ አርተርም ስድስት መጽሐፍ ሙሉ ደጅ ይጠናል።

የእህቴ ልጅ የምትኖረው ሜሪላንድ ነው። «የአቫሎን ሴት ካህን»ን አንብባ ስትጨርስ ለእኔ ላከችልኝ። ስጦታ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ክስ ኖሯል። የመጽሐፉ ዋና ሰው ንግሥት እሌኒ ናት። አዎ፣ የእኛዋ እሌኒ፣ የቆስጠንጢኖስ እናት፣ የደመራዋ። በመጽሐፉ የብሪታንያ መስፍን ልጅ ሆና ትወለዳለች፣ በአርተር ተረት በምትታወቀው በአቫሎን ደሴት ከሴት ካህናት ጋር ታድጋለች፣ ከአንድ ሮማዊ መኮንን ጋር በፍቅር ትወድቅና ከደሴቷ ትባረራለች። መኮንኑ ኮንስታንቲዩስ ነው፤ የሚወለደው ልጅ ማን እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

«ጋሼ፣ አርተር የታለ?» አለችኝ በስልክ።

«ገና አልተወለደም።»

«መቼ ነው የሚወለደው?»

«ከመቶ ዓመት በላይ ይቀረዋል።»

«እና ለምንድነው ሽፋኑ ላይ አቫሎን የሚለው?»

ለዚህ መልስ አልነበረኝም። መልሱን ያመጣው የታሪክ መምህር የሆነው ጓደኛዬ ነው፤ እሱ ግን የራሱን ክስ ይዞ መጣ። «እሌኒን እንግሊዝ ማን ወሰዳት?» አለ፣ ቡናው ሳይቀዳለት። በታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ የትውልድ ስፍራዋ ሆና በብዛት የምትጠቀሰው በታናሽ እስያ ያለችው ድሬፓኖም ናት፤ ልጇም ከተማዋን በእናቱ ስም ሄሌኖፖሊስ ብሏታል። የሚላኖው ጳጳስ ቅዱስ አምብሮስ ደግሞ የእንግዳ ማረፊያ ሠራተኛ እንደነበረች ያለ ምንም ኀፍረት ጽፏል፤ እንዲያውም አመስግኗታል። «መስፍን አባት ከየት መጣላት?» አለ ጓደኛዬ።

ከየት እንደመጣላት ግን ይታወቃል። በአሥራ ሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ የአርተርን ዝና በአውሮፓ የነዛው የሞንማውዙ ጀፍሪ በመጽሐፉ እሌኒን የኮልቸስተሩ ንጉሥ ኮል ልጅ አድርጓታል። በዚያው መጽሐፉ አርተር ሮምን ይገባኛል ሲል ከሚያቀርባቸው ማስረጃዎች አንዱ የእሌኒ ልጅ ቆስጠንጢኖስ ዘመዴ ነው የሚል ነው። ስለዚህ ብራድሊና ፓክስሰን እሌኒን ወደ አርተር ቤት በጉልበት አላስገቧትም፤ ከስምንት መቶ ዓመት በላይ የቤቱ ሰው ናት። ኮልቸስተር እስከ ዛሬ አልተወቻትም፤ የማዘጋጃ ቤቱ ግንብ ጫፍ ላይ ሐውልቷ መስቀል ይዞ ቆሟል። ኮንስታንቲዩስ የሞተው፣ ቆስጠንጢኖስም በ306 ንጉሠ ነገሥት ተብሎ የታወጀው እዚያው እንግሊዝ፣ ዮርክ ላይ ነው። ልጁ አገራቸው ከነገሠ እናቱንም የአገራቸው ልጅ ቢያደርጓት ምን ይገርማል? ታላቅ ሰው ሲገኝ ዘመድ አይጠፋም።

ወደ ኋላ ተመልሶ የመጻፉም ልማድ የዛሬ አይደለም። በአሥራ ሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ፈረንሳዮች ስለ አርተር ፈረሰኛ ስለ ላንስሎትና ስለ ቅዱሱ ጽዋ ፍለጋ ረጅም የዝርው ታሪክ ጻፉ፣ የአርተርንም ሞት ጨመሩ። ሁሉም ካለቀ በኋላ ስለ ጽዋው አመጣጥና ስለ መርሊን የሚተርኩትን ክፍሎች ጽፈው ከፊት ቀጠሏቸው። የዚያን ጊዜም አንድ ባላባት «ላንስሎት የታለ?» ብሎ ጠረጴዛ ሳይመታ አይቀርም።

ሦስተኛዋ አንባቢ እናቴ ናት። እንግሊዝኛ ስለማታነብ መጽሐፉን ያነበበችው በእኔ አፍ ነው። ሽፋኑን አገላብጣ አየችና መነጽሯን አውልቃ፣ «መስቀሉን ያገኘችበት ጋ የቱ ጋ ነው?» አለች። ገልጬ አሳየኋት፤ ወደ ኢየሩሳሌም የምትሄደው በስተርጅና ስለሆነ መጨረሻው አካባቢ ነው። እናቴ የቀረውን ወረቀት በሁለት ጣቷ ለካችው። «ይህችን ታህል ብቻ?» አለች። «ታዲያ ከዚህ አይጀመርም?»

ልብ በሉ። የልጅ ልጇ አርተርን ትጠብቃለች፣ እሷ መስቀሉን ትጠብቃለች፣ ክሳቸው ግን አንድ ነው። ሁለቱም መጽሐፉ ከማይገባው ቦታ ጀመረ ይላሉ። የእሌኒን የጣዖት አገልጋይነት ነገርማ ለእናቴ ቀስ ብዬ ነው የነገርኳት። የታሪክ ጸሐፊው አውሳብዮስ እንኳ ወደ ክርስትና ያመጣት ልጇ ነው ብሎ እንደጻፈ ጓደኛዬ ሊያግዘኝ ሲሞክር፣ እናቴ «እሱ ማነው ደግሞ?» አለችውና ነገሩ እዚያ ላይ ቆመ።

ከዚያ ራሷ መተረክ ጀመረች። እሌኒ በፊት ተርቢኖስ የሚባል ነጋዴ አግብታ ነበር፤ ሰው በሐሰት አጣላቸው፤ ባሏም በሣጥን ቆልፎ ባሕር ላይ ጣላት፤ ሣጥኑን ንጉሥ አገኘው፤ ከንጉሡም ቆስጠንጢኖስን ወለደች። እናቴ የሣጥኑን መቆለፍ በእጇ፣ የማዕበሉን ድምፅ በአፏ አሳየችን። ጓደኛዬ ቡናውን ረሳው።

«እማዬ፣ ይኼም እኮ መስቀሉ ከመገኘቱ በፊት ያለ ታሪክ ነው» አልኳት።

«እሱማ ሌላ ነው!» አለች።

ሌላ አይደለም። ሰው «ከዚያ በፊት ምን ነበር?» የሚለውን ታሪክ የሚጠላው ሌላ ሰው ሲጽፈው ነው። የእኛ ሲሆን ሥረ መሠረት እንለዋለን፤ የሌላው ሲሆን ገጽ ማሟያ። ኮልቸስተርም፣ ድሬፓኖምም፣ የእናቴ ሣጥንም የሚሉት አንድ ነገር ነው፦ ይህች ሴት ከትልቅነቷ በፊት የእኛ ነበረች።

ስለ መጽሐፉ ራሱ ከተጠየቅሁ፣ መጀመሪያው ደካማ ነው። አቫሎን ውስጥ የምትማር ልጅ፣ የምትጨክን አክስት፣ የሚጣስ ትእዛዝ፤ «የአቫሎን ጭጋግ»ን ያነበበ ሰው ይህን መንገድ ያውቀዋል። ነፍስ የሚዘራው እሌኒ ከደሴቷ ከወጣች በኋላ ነው። ኮንስታንቲዩስ ረጅም ዘመን አብራው ኖራ ሳለ፣ ለሥልጣን ሲል ትቷት የንጉሠ ነገሥቱን የእንጀራ ልጅ ቴዎዶራን ያገባል። ይህ ደራሲዎቹ የፈጠሩት አይደለም፤ ታሪክ ነው። እዚያ ላይ ምትሃትም ጭጋግም አያስፈልግም። የእህቴ ልጅ እንኳ ያንን ክፍል ስታነሳ አርተርን ለአፍታ ረስታው ነበር።

ስለዚህ ለማንበብ ያሰባችሁ፣ ተከታታዩን በተጻፈበት ቅደም ተከተል ጀምሩት፤ አርተርን የፈለገ የ1983ቱን ይያዝ። «የአቫሎን ሴት ካህን»ን እንደ አንድ የእሌኒ ልብ ወለድ ካነበባችሁት ከግማሹ በኋላ ይክሳችኋል። በደመራ ዋዜማ እናታችሁ ፊት ግን አታንብቡት።