የሟች ሲዲ አጭር የሕይወት ታሪክ

ለቀስተኞች፣ እባካችሁ ጸጥታ። ከደብረ ታቦር የመጣችሁም፣ ከጉና ማዶ ያላችሁም፣ የመካነ ኢየሱስ ሰዎችም፣ ንፍሮው እስኪደርስ የሟችን የሕይወት ታሪክ ላንብብላችሁ።

በፋብሪካ ስሙ ዲቪዲ፣ በእኛ አፍ ሲዲ ይባል የነበረው ሟች፣ ከአባቱ ከአቶ ቪሲዲ በ1989 ዓ.ም. ጃፓን ውስጥ ተወለደ። አያቱ የቪዲዮ ካሴትም እዚያው አገር፣ በጳጉሜን 1968 የተወለዱ፣ ወፍራም፣ ዴኩ ክራቸውን እየበላባቸው ሲንገላቱ የኖሩ ሽማግሌ ነበሩ። የእናቱን ስም ብጠይቅ የሚያውቅ አልተገኘም። አባትየው ደግ ሰው ነበሩ፤ ነገር ግን ከ74 ደቂቃ በላይ መናገር አይችሉም። ስለዚህ አንድ ፊልም ለሁለት ተቆርጦ ሲዲ አንድና ሲዲ ሁለት ይሆናል። ቆረጣውም እንደ ክፉ ዕድል፣ ባልና ሚስት ሊታረቁ አፍ ሲከፍቱ ላይ ይውላል። ሲዲ ሁለት ደግሞ ሁልጊዜ ሰው ጋ ነው።

ሟች ወደ አገራችን ወደ እስቴ የገባው በአውቶቡስ፣ በነጋዴ ጆንያና በተማሪ ቦርሳ ውስጥ ነው። የአማርኛ ፊልም የሚመረቀው አዲስ አበባ ነበር፤ ሰልፉ አለም ሲኒማና ሰባስቶፖል ደጃፍ፣ ፖስተሩ እዚያ፣ ከተዋናዩ ጋር ፎቶ መነሣቱ እዚያ። ናይጄሪያዎች እ.ኤ.አ. በ1992 «ሊቪንግ ኢን ቦንዴጅ»ን በቀጥታ በካሴት ገበያ ላይ ሲያወጡት፣ የእኛዎቹ ፊልም ሠሪዎች ኋላ በተነሡ ጊዜ ኮፒ አድራጊውን ፈርተው ሥራቸውን ሲኒማ ቤት አቆዩት፤ ሲዲው የሚወጣው ተመልካቹ ሲሳሳ ነበር። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 በ1996 ዓ.ም. ወጥቷል፤ ኮፒ አድራጊው ግን አዋጁን ያነበበ አይመስልም። ፊልም ሠሪዎቹን አልወቅስም፤ ልጅ የሚያሳድጉ ሰዎች ናቸው። እስኪመጣ መጠበቁ ግን የእኛ ዕጣ ነበር። አዲስ አበባ አይቶ፣ ተከራክሮ፣ ረስቶት፣ ወደ ሌላ ፊልም ካለፈ በኋላ፣ ያ ፊልም እኛ ዘንድ ትኩስ ሆኖ ይደርስ ነበር።

እዚህ ላይ የውጭውን ለቀስተኛ ማንሳት አለብኝ፤ ምክንያቱም ከእኛ በላይ ይጮኻል። ፈረንጁ ፊልም ወዳድ ምሬቱ አንዱን ፊልም ደጋግመው ሸጡልኝ የሚል ነው። «ስታር ዋርስ»ን በካሴት ገዛ። እ.ኤ.አ. በ1995 የመጀመሪያው ቅጂ ለመጨረሻ ጊዜ ነው ተብሎ እንደገና ገዛ። በ1997 ተነካክቶ መጣለት፤ በ2004 በዲቪዲ፣ በ2011 በብሉሬይ፣ አሁንም ተነካክቶ። መደርደሪያው ሞልቶ ፊልሙ ያው አንድ ነው። ሰውየው ያሳዝናል፤ ግን ከድንኳኑ ጥግ ይቀመጥልኝ። የመጀመሪያውን መውጣት በጊዜው ያየ ሰው ነውና አምስተኛው ቢያስመርረው አይፈረድበትም። ለእኛ ግን ሁለተኛው መውጣት የመጀመሪያችን ነበር። ሲዲው ባይኖር ኖሮ ፊልም የሚባለውን ሁሉ በወሬ ነበር የምናውቀው።

ደግሞ መደጋገሙን ማን ጠላ? ቫን ዳምን በካሴት አየነው፤ በቪሲዲ አየነው፤ «ጥራት ያለው» ተብሎ በዲቪዲ አየነው፤ በኋላም ፊልሞቹ በአንድ ሲዲ ታጭቀው፣ ፊቱ እንደ አጓት ቀጥኖ አየነው። ቪዲዮ ቤት ከፍሎ የገባ ሰው ፊልሙን አለማወቁ እንደ ነውር ነበር። ከኋላ ወንበር አንዱ «አሁን ይመታዋል» ይላል፤ ይመታዋል፤ ሁሉም ያጨበጭባል። አክተሩ በጥይት ተመትቶ ሲወድቅ የሚደነግጥ የለም፤ አክተር አይሞትም። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ቀሪውን የሚተርክ ሞልቷል። አንዳንዴ ትረካው ከፊልሙ ይሻል ነበር።

ወደ ሕመሙ ልለፍ። 2008 ዓ.ም. ለቤተሰቡ ክፉ ዓመት ነበር። በመጋቢት ቃና ቴሌቪዥን በአማርኛ የሚናገሩ ቱርኮችን ይዞ ቤት ለቤት ገባ። በሐምሌ ደግሞ የመጨረሻው የካሴት ዴክ አምራች፣ የጃፓኑ ፉናይ፣ ሥራውን ሲያቆም አያትየው ተቀበሩ። ሟችም ከዚያ ወዲህ ጤና አላገኘም። መሃል ላይ ይቆማል፣ ይዘላል፣ አንዱን ቃል ደጋግሞ ይላል። በሸሚዝ ጫፍ ተወለወለ፤ ሲብስበት በጥርስ ሳሙና ታሸ። ወራሾቹ ፍላሽና ሜሞሪ ቀብሩን እንኳ ሳይጠብቁ ሱቁን ተከፋፈሉት፤ ሲዲ ያከራይ የነበረው ሰው ኮምፒውተር አስገብቶ ፊልም ጫኝ ሆነ። በውጭ ሀገር ሲረዳው የቆየው ኔትፍሊክስም መስከረም 18 ቀን 2016 የመጨረሻውን ዲቪዲ በፖስታ ልኮ እጁን ታጠበ። ሟች በተወለደ በ27 ዓመቱ አረፈ ተባለ።

ተባለ ነው የምለው። በዚያው መስከረም በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ነበር። ትልቁ ወራሽ ዩቲዩብ፣ የአማርኛ ፊልሞችን ሁሉ «በነፃ» ብሎ የጠቀለለው፣ ከስልካችን ላይ ለወራት ድምፁ ጠፋ። አሜሪካኖቹ ሲቀብሩት፣ እኛ መሳቢያ ስንከፍትና አቧራ ስናራግፍ ነበርን። ስለዚህ ሳጥኑ ውስጥ የመሽከርከር ድምፅ የሰማ ሰው ካለ ወደ ኋላ አይሽሽ።

በመጨረሻ የቤተሰቡ ማሳሰቢያ አለ። ከሟች ላይ ገንዘብ አለኝ የሚል ይናገር፤ የሟችም ንብረት ያለበት ይመልስ። መታወቂያ አስይዛችሁ ሲዲ ተከራይታችሁ የቀራችሁ፣ መታወቂያችሁ ጊዜው አልፎበታልና ኑና ውሰዱ። ሲዲ ሁለትን ወስዶ ያልመለሰው ግን ዛሬ ይለይለት። ባልና ሚስቱ ታረቁ አልታረቁ ሳናውቅ ልጆቻችን አገቡ። ስሙን አልጠራም፤ እዚሁ ድንኳን ውስጥ ነጭ ጋቢ ለብሶ፣ ከዘመድ አብልጦ እያለቀሰ ነው።