አይጠየፍ ቁጥር ሁለት

ደሴ ውስጥ ሁለት ዓይነት አሮጌ ቤት አለ፤ ከጣሊያን በፊት የተሠራና ከጣሊያን በኋላ የተሠራ። ደላላ መሐል ከገባ ግን ሁሉም ከጣሊያን በፊት ነው። የእኔ ደላላ በሩን በትከሻው ገጭቶ ከከፈተ በኋላ ወደ ጣራው አንጋጦ አንዲት ክብ ቀዳዳ አሳየኝ። በቀዳዳዋ የጦሳ ተራራ ደመና ቁልቁል ያየናል።

"ይቺን አየሃት? የቦምብ ፍንጣሪ ናት። ጣሊያን በኅዳር 1928 ደሴን ሲደበድብ፣ ጃንሆይ ራሳቸው መትረየስ ይዘው አውሮፕላኑ ላይ ሲተኩሱ፣ ይሄ ቤት እዚሁ ቆሞ ነበር።"

ድብደባውም፣ የጃንሆይ መትረየስም እውነት ነው፤ ሁለቱንም ትምህርት ቤት ተምሬያቸዋለሁ። ያስበላኝም እሱ ነው። ቀዳዳዋን ሳያት እንባዬ ቀረረ፣ ዋጋ ላይም ሳልከራከር ቀረሁ። ከገባን በሦስተኛው ሳምንት የጓሮ ጎረቤታችን፣ ሰፈሩ በሙሉ "እቴቴ" የሚላቸው እናት፣ ቡና ሊጠጡ መጥተው ቀና ብለው አዩና፣ "ውይ፣ አሁንም አልተደፈነች? ካቻምና ተከራይ የነበረው ልጅ ዲሽ ሲሰቅል የበሳት እኮ ናት" አሉኝ።

ሥራዬ ኮምቦልቻ ነው፤ የአንድ ፋብሪካ ሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። "ታዲያ ለምን እዚያው አልገዛህም?" የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ከማላውቀው ሙቀት የለመድኩት ብርድ ይሻለኛል እላለሁ። በሁለቱ ከተሞች መካከል 25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ፣ 600 ሜትር ገደማ ቁልቁለትና አንድ ሹራብ አለ። ጠዋት ሚኒባሱ የሐረጎን ጠመዝማዛ ሲጨርስ ተሳፋሪው ሁሉ ሹራቡን ያወልቃል፤ ማታ እዚያው ቦታ ላይ መልሶ ይለብሰዋል። ረዳቱ "ሒሳብ" የሚለውም ያኔ ነው፤ እጃችን እጅጌ ውስጥ ተጠላልፎ ሳለ።

በልግ ለገበሬው ጸጋ ነው። አሮጌ ቆርቆሮ ሥር ለሚተኛ ሰው ግን የክረምት ልምምድ ነው። የመጀመሪያው ዝናብ የመጣው ሌሊት ሲሆን፣ ባለቤቴ መብራት አብርታ ሳፋ ስትደረድር ነው የነቃሁት። ሳፋው አለቀ፣ ድስት ተከተለ፣ ድስትም አለቀና የልጃችን ፖፖ ወጣ። እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ ድምፅ አለው፤ ፖፖው ወፍራሙን ድምፅ ይዞ ነበር። ከላይ ደግሞ ከማዳበሪያ ጆንያ በተሰፋው ኮርኒስ ውስጥ አይጦቹ ጉግስ ይጫወታሉ። ንፋሱ በበሩ ሥር ገብቶ በጓሮ በኩል ይወጣል። ባለቤቴ አልጋው ጫፍ ላይ ጋቢዋን ተከናንባ ተቀመጠችና፣ "ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት አዳራሽ ማን ነበር ስሙ?" አለችኝ።

"አይጠየፍ።"

"ለምን ነበር እንደዚያ የተባለው?"

"ለግብር የመጣውን ሁሉ፣ ደሃ ሀብታም ሳይል ስለሚያስገባ።"

"እንግዲያው ይሄ ቁጥር ሁለት ነዋ" ብላ ተኛች። ከዚያ ሌሊት ጀምሮ የቤታችን ስም ይኸው ነው። ዝናብ አይጠየፍ፣ ንፋስ አይጠየፍ፣ አይጥ አይጠየፍ፤ ቤት ለእንግዳ ብሎ ሁሉንም ያስገባል።

ጥገናውን በአናጢ ጀመርን። ጋሼ አናጢው ጆሯቸው ላይ እርሳስ የሰኩ፣ ብዙ የማያወሩ ሰው ናቸው። ግቢውን አንድ ጊዜ ዞሩት፣ ከንፈራቸውን መጠጡና፣ "ለመሆኑ ይሄን ማነው የሠራው?" አሉ። ከዚያ ቱንቢያቸውን ከግድግዳው አናት ላይ አንጠለጠሉት። ክሩ ከላይ በኩል ግድግዳውን ነክቶ ታች ሲደርስ አንድ ስንዝር ተኩል ራቀው።

"ቤቱ ዘሟል" አሉኝ።

"ወዴት ነው የዘመመው?"

"ወደ ቦርከና።"

የሚደንቅ አይደለም። ከተማችን በጦሳና በአዝዋ ገደል መካከል የተንጠለጠለች ናት፤ አፈሯ በክረምት ውሃ ሲጠጣ መንሸራተት ይወዳል። በደሴ ግድግዳ ቀጥ ካለ አዲስ ነው ማለት ነው። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነገር ነበር። የቦርከና ወንዝ ደግሞ ወደ ኮምቦልቻ ነው የሚወርደው። ቤቱ በዚህ አያያዙ ቢቀጥል አንድ ቀን ከእኔ ቀድሞ ሥራ ይገባል። ለጊዜው ሁለት የባሕር ዛፍ ባላ አስደገፍነው፤ ከዘራ እንደያዘ ሽማግሌ ቆመ።

ከአናጢው ቀጥሎ ግንበኛው መጣ፤ ገና ከበሩ "ይሄን ማነው የሠራው?" አለ። የቧንቧ ሠራተኛውም ያንኑ አለ። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ሽቦውን ሲያይ ጥያቄው አልበቃው ብሎ ኮፍያውን አወለቀ። መጀመሪያ ላይ ልክ የሆነ መልስ ሊሰጣቸው እንደሚገባ ሰው እጨነቅ ነበር። በኋላ ሲገባኝ ጥያቄ አይደለም፤ የሙያው ሰላምታ ነው። "እንደምን አደራችሁ" እንደማለት ነው።

ብር ለመቆጠብ ምርጊቱን ራሴ ላግዝ ብዬ ሱሪዬን ጠቀለልኩ። ጭቃ ከጭድ ጋር ተቦክቶ ቀናት ካልተብላላ አይይዝም፤ በእግር መረገጥ አለበት። ስንት ዓመት ወንበር ላይ የተቀመጠ ሂሳብ ሠራተኛ የደሴ ጠዋት ብርድ ላይ ጭቃ ሲረግጥ የሰፈሩ ሕፃናት ከትምህርት ቤት ሊቀሩ ምንም አልቀራቸውም። ለስነን፣ ለቅልቀን ጨረስን። በሁለተኛው ሳምንት ከሥራ ስመለስ የሳሎናችን ግድግዳ አረንጓዴ ሆኗል። ጭዱ ውስጥ የቀረው ገብስ በቅሏል። እቴቴ ቡቃያውን በጣታቸው ዳበስ አድርገው፣ "አብሽር ልጄ፣ ማንም ሳያይ እጨደው፤ የእርሻ ግብር ይጠይቁሃል" አሉኝ።

የመኝታ ቤቱ ግድግዳ ግን ለየት ያለ ነው። እንደ ብዙዎቹ የድሮ ጭቃ ቤቶች በጋዜጣ ተለብጧል፤ የዱቄት ሙጫ እየተቀባ፣ ትውልድ በትውልድ ላይ። ግንበኛው "በአንድ ቀን ልጬ አወርደዋለሁ" ያለውን ሥራ እኔ ሦስት ሳምንት ፈጀሁበት። እየላጥኩ አነብ ነበራ! ከ1933 ጀምሮ የሚታተመው አዲስ ዘመን በየንብርብሩ አለ። ከላይ ያለው ንብርብር "አብዮታዊ" ይላል፤ ሥር ያለው "ግርማዊ" ይላል፤ በሁለቱ መካከል አንድ የሳሙና ማስታወቂያ አለ። መንግሥት ቢለዋወጥም ሳሙናው ያው ነው።

ከአልጋዬ ራስጌ አርዕስቱ የተቀደደ፣ የየትኛው ጋዜጣ እንደሆነ የማይታወቅ አንድ የፍርድ ቤት ወሬ አገኘሁ። አንድ ገበሬ በሬ ጠፍቶበት ጎረቤቱን ይከሳል። ጎረቤትየው አላየሁም ይላል። ምስክር ይመጣል፤ ምስክሩ በሬውን ሳይሆን ቆዳውን ነው ያየሁት ይላል። ዳኛው ተቆጥተው ተከሳሹን አስነሡትና "በሬው የት ነው?" ብለው ጠየቁት። ተከሳሹም ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲህ ሲል መለሰ፦ "ወደ ገጽ 4 ዞሯል"።

ያለሁት ገጽ 3 ላይ ነው። ገጽ 4 ማለት የዚያው ወረቀት ጀርባ ነው፤ ጀርባው ደግሞ ከጭቃው ጋር ተጣብቋል። በእርጥብ ጨርቅ ሞከርኩ፣ በጀበና እንፋሎት ሞከርኩ። በመጨረሻ ጥግ ላይ አንድ ጣት የሚያህል ወረቀት ተነሣልኝ፤ ቀለሙ ግን ጭቃው ላይ ቀርቶ ፊደሉ ተገልብጧል። የባለቤቴን መስታወት አምጥቼ አነበብኩት። "ሳይሆን" ይላል። ምን ሳይሆን? ሌሊት ሌሊት እያስነሣ የሚያሳስበኝ እሱ ነው።

የጣራው ነገር ግን ወሬ አይደለም፤ ሕግ ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፤ ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ተወለት። ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበረ ትርፍ ቤቶች ለቀበሌ ሄዱ። የእኛ ግቢ የዚያ አዋጅ ልጅ ነው። ዋናው ቤት ለባለቤቱ ቀረ፤ በአንድ ግድግዳ የተያያዙት የጓሮ ክፍሎች የቀበሌ ሆኑ። እቴቴም ያኔ ገቡ፤ ይኸው እስካሁን አሉ። አዋጁ ቤቱን ለሁለት ሲከፍል ለጣራው የነገረው ሰው ግን የለም። አንድ ቆርቆሮ ግማሹ የእኔ፣ ግማሹ የመንግሥት ሆኖ ተዘርግቷል። ጋሼ አናጢው "አንድ ጋቢ የለበሱ ሁለት ሰዎች ናችሁ" አሉን። ከሁሉ የከፋው የሚያፈሰው ስፍራ ድንበሩ ላይ መሆኑ ነው።

ወደሚመለከተው ቢሮ ሄድኩ። "የራስዎን ወገን ማደስ ይችላሉ፤ የመንግሥቱን ወገን እንዳይነኩ" ተባልኩ። የታችኛውን ቆርቆሮ ሳይነኩ የላይኛውን መደረብ የሚቻልበትን መንገድ ብጠይቅ በሌላ ቀን እንድመለስ ተነገረኝ። ጉዳዩን የፈቱት እቴቴ ናቸው። "እሑድ እኔ ለቅሶ እሄዳለሁ፤ ምንም አላየሁም፣ ወላሂ" አሉ። እሑድ ጠዋት እውነትም ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። ሦስት ቤት ራቅ ብለው ከወዳጃቸው ደጃፍ ተቀመጡና፣ "አናጢው፣ ያችኛዋን አልመታሃትም! በግራ በኩል!" እያሉ እስከ ማታ ሲያሠሩን ዋሉ።

ቆርቆሮውን የገዛሁት ኮምቦልቻ ነው፤ ባለ 32 ጌጅ። ከሥራ ስወጣ ገዝቼ ሚኒባስ ላይ ላስጭነው ብዬ ያሰብኩ ቀን ከራሴ ጋር መማከር ነበረብኝ። ከታች ፀሐይ ነው፤ ሐረጎ አጋማሽ ላይ ስንደርስ ጉም ወረደና መንገዱን ዋጠው። ንፋሱ ከቆርቆሮው ሥር እየገባ ያነሣዋል፤ ቆርቆሮው በየኩርባው ያጓራል። አንዲት እናት "ያረቢ" ማለት ጀመሩ፣ አጠገባቸው ያሉት ደግሞ "ማርያም ማርያም" አሉ። ሹፌሩ በመስታወቱ እያየኝ፣ "ወንድሜ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ወይ አንተ ና፣ ወይ ቆርቆሮው ይምጣ" አለኝ። ከተማ ስንደርስ ከመኪናው የወረድኩት ሁሉንም ይቅርታ ጠይቄ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ሳይታደስ ቀርቷል። የፊት ለፊት በሩ። ጋሼ አናጢው ሊነቅሉት ጉጠታቸውን አውጥተው ቀረቡ፤ ቁልፉ ዙሪያ እንጨቱ ተሰንጥቆ በስድስት ሚስማርና በአንድ ቁራጭ ቆርቆሮ የተለጠፈ ነው። ልማዳቸውን ጠበቅሁ። አልጠየቁም። እኛም አልነገርናቸውም፤ በ2014 ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ብዙ ሰው ቤቱን ዘግቶ ወጥቶ፣ ተከፍቶ ነው ያገኘው። ቁራጭ ቆርቆሮውን በእጃቸው ዳበስ አደረጉ፣ ማጠፊያውን በዘይት ቀቡና፣ "ይሄስ ጥሩ ሥራ ነው" ብለው ጉጠቱን ከረጢታቸው ውስጥ መለሱት። ከሠራተኞቹ ሁሉ አፍ ምስጋና የወጣው ያን ቀን ብቻ ነው።

ቤቱ "አለቀ" የተባለ ዕለት እቴቴ ቡና አፈሉ። ቄጠማ ተጎዘጎዘ፣ ዕጣን ጨሰ። ጠዋት ቄሱ ጸበል ረጭተው ሄደው ነበር፤ ከሰዓት ደግሞ እቴቴ ሽማግሌዎች ሰብስበው ዱአ አስደረጉልን። "በሁለቱም በኩል ይደገፍ፤ ባላውም ሁለት አይደል?" አሉኝ። በረካው ላይ ሲደርስ መብራቱ ድርግም አለ። በማግስቱ ሌላ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠራሁ፤ ቆጣሪው አጠገብ ያለውን ሽቦ ፈትቶ አየና፣ "ይሄን ማነው የሠራው?" አለ። የሠራሁት እኔ ነኝ፣ በገዛ እጄ፣ ከክፍያ ላይ ለመቆጠብ።

"የበፊቱ ሰውዬ ነው" አልኩት።

"ገመትኩ" አለ።

አሁን ሐምሌ ነው። ጣራው በአንድ ቦታ ብቻ ያፈሳል፤ እሱም በመንግሥቱ ወገን ነው። ግንበኛው የመኝታ ቤቱን ግድግዳ ሲለስን ከራስጌዬ መስኮት የምታህል ቦታ ሳይነካ ትቶልኛል፤ ባለቤቴ ካላንደር ሰቅላባታለች። ካላንደሩ ሥር ተከሳሹ ዛሬም አፉን እንደከፈተ ቆሟል። እናንተ ደሴም ሁኑ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅም ሁኑ ከሚሴ፣ ግድግዳችሁ በጋዜጣ የተለበጠ ከሆነ እባካችሁ አንድ ጊዜ ተነሡና እዩልኝ። የምፈልገው ገጽ 4 ነው፤ በ"ሳይሆን" ይጀምራል።