የእማማ ጉልበት ብቻውን ሲወጣ

ይህ ጥናት በአንዲት ሰማያዊ የአካል ጉዳተኞች መኪና ማቆሚያ ካርድ ላይ ያተኩራል። ዲሲ፣ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ የሚኖረው ሐበሻ «ሃንዲካፕ» ይላታል። «ሃንዲካፕ አለሽ?» የተባለች ሴት ስለ ጤናዋ የተጠየቀች አይመስላትም፤ ጠያቂው ዛሬ ከተማ ውስጥ ጉዳይ እንዳለው ወዲያው ይገባታል። ካርዷ መንጠቆ አላት። መኪና ሲቆም ስፖኪዮ ላይ ትሰቀላለች፣ መኪና ሲነሳ መውረድ አለባት። ሐኪሞችና ሕግ አውጪዎች ስለ እሷ ብዙ ብለዋል። እኔ የማጠናው ጠባይዋን ነው።

ለዚህ የሚያበቃ ልምድ አለኝ። ዲሲ ውስጥ «ፓርኪንግ እሠራለሁ» ማለት ምን እንደሆነ ለሐበሻ ማስረዳት አያሻም። ሰባት ዓመት ሙሉ ከመሬት በታች በምትገኝ የመስታወት ክፍል ተቀምጬ ሰው ከመኪና ሲወርድ አይቻለሁ። ሌላ ምሁር ለዚህ የምርምር በጀት ይለምናል፤ እኔ በሰዓት ይከፈለኝ ነበር።

ከታሪክ እንጀምር። ካርዷ ላይ ያለውን የተሽከርካሪ ወንበር ምልክት በ1968 እ.ኤ.አ. የሠራችው ሱዛነ ኮፎድ የተባለች ዴንማርካዊት የዲዛይን ተማሪ ናት። በመጀመሪያው ሥዕል ወንበሩ ነበረ፣ አካሉም ነበረ፤ ራስ ግን አልነበረውም። በዓመቱ ካርል ሞንታን የሚባል ሰው የተቀመጠው ሰው መሆኑ እንዲለይ ብሎ አናቱ ላይ አንድ ክብ አከለበት። እኔ እስከታዘብኩት ድረስ ግን ብዙ አሽከርካሪ አስፋልቱ ላይ የተቀባው ነገር ሰው መሆኑን የሚያስተውለው ቲኬት ከተለጠፈበት በኋላ ነው።

ወደ ሕጉ ስንመጣ፣ በ1990 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግና መመሪያዎቹ እስከ 25 መኪና ለሚይዝ ግቢ ቢያንስ 1 ቦታ፣ ከ76 እስከ 100 ለሚይዝ 4 ቦታ እንዲከለል ያዝዛሉ። በ1991 እ.ኤ.አ. የወጣው የፌዴራል ደንብ ደግሞ ካርዷን ማን እንደሚያገኝ ይዘረዝራል፤ ሰማያዊዋ ለዘለቄታ ጉዳት፣ ቀይዋ ከ6 ወር ላልበለጠ። ያለ ምርኩዝ ወይም ያለ ደጋፊ ሰው መራመድ የማይችል፣ ኦክስጅን ይዞ የሚዞር፣ ልቡ ክፉኛ የደከመ ያገኛታል። ከሁሉ የሚታወቀው መስፈርት ግን መሀል ላይ ቆሞ ሳያርፍ 200 ጫማ መሄድ አለመቻል ነው። ይህ 61 ሜትር ያህል ይሆናል። እኛ ሰፈር ቢሆን ለቡና ተጠርቶ የሚኬድበት ርቀት ነው።

መስፈርቱን በጥንቃቄ ማንበብ እንደሚገባ ያስተማረኝ ሰርግ ነው። አንድ ቅዳሜ አዳራሹ በር ላይ በሃንዲካፕ ያቆመ ጎልማሳ ያለ እረፍት እስክስታ ሲመታ አመሸ። ችኩል ታዛቢ «አጭበርባሪ!» ይለው ነበር። ሕጉን ላነበበ ግን አንዳች ቅራኔ የለም። ሕጉ የሚናገረው ስለ እግር ነው፤ እስክስታ የትከሻ ነው። ሰውየው በሙዚቃው ሁሉ ከቆመበት ሁለት ሜትር አልራቀም። ጉራጊኛ ሲመጣ መላምቱ መናጋቱ አይካድም። በዚያን ሰዓት ግን ክትፎ ለማንሳት ተሰልፌ ስለነበር መረጃው አልተሟላም።

የጥናቱ ዋና ተሳታፊ እማማ ናቸው። ለምርምር ሥነ ምግባር ስል ስማቸውን አልጠራም፤ ሰፈሩም እማማ ነው የሚላቸው። የልጅ ልጅ ለማሳደግ መጥተው፣ የልጅ ልጆቹ አድገው፣ እሳቸው በጉልበታቸው ቀርተዋል። ካርዷን ያገኙት በሐቅ ነው፤ ሐኪሙ ጉልበታቸውን ዓይቶ ፈርሟል። በሳምንት አምስት ቀን ከቤት አይወጡም። ካርዷ ግን ትወጣለች። ሰኞ ከታላቁ ልጅ ጋር ዳውንታውን ሥራ ትውላለች። ሮብ ምራታቸው ሞል ይዛት ትሄዳለች። ቅዳሜ ታናሽየው ኳስ ሜዳ ይወስዳታል፤ ያውም ለመጫወት ነው። ሐምሌ ላይ የኢትዮጵያውያን የስፖርት በዓል ቅርብ ከተማ ከዋለ እዚያም ትገኛለች። ሐኪሙ ያየው ጉልበት ቤት ተቀምጦ ዘቢብ ይለቅማል፤ በወረቀት የተጻፈው ጉልበት አገር ያካልላል።

ደንቡ ካርዷ የሰው እንጂ የመኪና አይደለችም ይላል። ባለካርዱ ሲነዳ፣ ሲሳፈር ወይም ሲወርድ ካልሆነ ተራ ላስቲክ ናት። እኛ ዘንድ ይህን ማስረዳት ይከብዳል፤ የእናት ሀብት የልጅ ነውና። አንድ ቀን ፖሊስ ታላቁን ልጅ አስቁሞ «የካርዱ ባለቤት የት ናቸው?» ቢለው፣ «ውስጥ ናቸው» አለ። «የት ውስጥ?» «ቤት ውስጥ።» ቃል በቃል እውነቱን ነው የተናገረው። የተቀጣው ግን ስለ እውነተኛነቱ አልነበረም።

ካርዷ ያለ ባለቤቷ ለረጅም ዘመን ልትኖር እንደምትችል ያረጋገጠው ግን የካሊፎርኒያ ግዛት ኦዲተር ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት መሠረት በግዛቱ 2.9 ሚሊዮን ያህል ካርዶች ሥራ ላይ ነበሩ። ከባለካርዶቹ መካከል 26,000 ያህሉ 100 ዓመትና ከዚያ በላይ ነበሩ። ችግሩ፣ በመላው ካሊፎርኒያ በዚያ ዕድሜ ይኖራሉ ተብለው የተገመቱት ሰዎች 8,000 ገደማ ብቻ መሆናቸው ነው። ሳይንስ ከዚህ አንድ ነገር ብቻ ሊደመድም ይችላል፤ በር አጠገብ በነጻ ማቆም ዕድሜ ያረዝማል። ማቱሳላ 969 ዓመት ሲኖር በምን እንደሆነ አልተጻፈም፣ እኔም ከዚህ በላይ አልናገርም።

ኦዲተሩ በዚህ አላበቃም። የካርድ መዝገቡን ከሞት መዝገብ ጋር ሲያስተያይ 35,000 የሚጠጉ ባለካርዶች ሞተው ሳይሆን እንደማይቀር አገኘ። ካርዳቸው ግን ያለ እንከን እያገለገለ ነበር። የእኛ ሰው ለሟች አርባ ያወጣል፣ ሙት ዓመት ያስባል፣ ዝክር ይዘክራል። ካሊፎርኒያዊው በየማለዳው ስፖኪዮ ላይ ያነሳዋል። ሟቹ ተነስቶ ወደ ተዝካሩ ልምጣ ቢል፣ ቢያንስ ማቆሚያ አይቸግረውም።

እዚያው ግዛት በ1999 እ.ኤ.አ. በዩሲኤልኤ ዩኒቨርሲቲ የሚጫወቱና ቀድሞ ይጫወቱ የነበሩ 19 የአሜሪካ እግር ኳስ ተጫዋቾች በሐሰት ሕመም ካርድ አውጥታችኋል ተብለው ተከሰሱ። አገሩ ሳቀ። እኔ ግን ተከላካይ ጠበቃ ብሆን አንድ ነጥብ አነሳ ነበር፦ ሜዳው ከጎል መስመር እስከ ጎል መስመር 300 ጫማ ነው፤ በዚያ ጨዋታ ደግሞ በየጥቂት እርምጃው ፊሽካ ይነፋና ሁሉም ቆሞ ያርፋል። ሳያርፍ 200 ጫማ የሄደ ተጫዋች ስንቱ ነው?

የሚገርመው፣ በዚያው ዩኒቨርሲቲ ዶናልድ ሹፕ የሚባል ፕሮፌሰር ነበር። ለመቀለድ አይደለም፤ ዕድሜውን ሙሉ ፓርኪንግ ነው ያጠናው፣ እኛም ከመስታወት ክፍላችን እንደ ቅዱስ አባት እናየዋለን። ሹፕ እንደሚለው ሰውን የሚስበው የበሩ ቅርበት ብቻ አይደለም። በብዙ ቦታ ካርዷን የሰቀለ የፓርኪንግ ሚትር አይከፍልም፣ ቀኑን ሙሉም ይቆማል። ስለዚህ በማዕከላዊ ከተማ ካርድ ማለት በየቀኑ የሚመነዘር ቼክ ነው። ማስረጃ አድርጎ የሚያቀርበው ሚሺጋንን ነው። ግዛቱ 500,000 ካርድ አድሎ ነበር፤ ሁሉም በነጻ ይቆማል። በኋላ ነጻ የሚቆመው በሕመሙ ምክንያት ሚትሩን ራሱ መጠቀም የማይችል ብቻ ነው፣ ሐኪምም ይመስክር ተባለ። አመልክቶ የተገኘው 10,000 ያህል ነው። በአንድ አንቀጽ 490,000 ሰው ሳንቲም የሚጨምርበት እጅ አገኘ። እንዲህ ያለ ፈውስ ጸበል ላይ ቢታይ ኖሮ ጉዞ ይዘጋጅ ነበር። ዲሲም በ2017 እ.ኤ.አ. አናታቸው ቀይ የሆነ ሚትሮች ተክላለች፤ ባለካርድ ብቻ ይቆምባቸዋል፣ ነገር ግን ይከፍላል። ታላቁ ልጅ ስለ እነዚህ ሚትሮች ሲጠየቅ «ደስ አይሉም» ብሏል።

ስለ ባለሰያፍ መስመሩ ባዶ ቦታ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ከሃንዲካፑ ጎን ያለች፣ ቢያንስ 5 ጫማ ስፋት ያላት ናት። የሐበሻ አሽከርካሪዎች ስለ ምንነቷ የተለያየ አስተያየት አላቸው፤ «ለሞተር ብስክሌት ናት» የሚል አለ፣ «ቀለም ተርፏቸው ነው» የሚልም አለ። በክረምት በረዶ ጠራጊው በረዶውን ሁሉ እዚያ ይከምራል፤ እሱም የራሱ ትርጓሜ አለው ማለት ነው። በእርግጥ ቦታዋ የወንበር ማውረጃ ነው። ቫን ጎኑን ከፍቶ መወጣጫ ይዘረጋባታል፣ ባለወንበሩ ይወርድባታል። እዚያ ላይ «ለሁለት ደቂቃ» የቆመ መኪና ማለት አንድ ሰው ከራሱ መኪና ውጭ ተቆልፎበት ይቀራል ማለት ነው። ዲሲ ያለ ፈቃድ ሃንዲካፕ ላይ ለቆመ 250 ዶላር ትቀጣለች። ሁለት ደቂቃ ግን ቋሚ መለኪያ አይደለችም። እንጀራ ለማንሳት ስትሆን 15 ደቂቃ ታህላለች፤ መንገድ ላይ ዘመድ ካጋጠመ ሰላምታው ብቻ ያን ያህል ይወስዳል።

አሁን የጥናቱን ድክመት ልናዘዝ። ለረጅም ጊዜ የመረጃ አሰባሰቤ በዓይን ነበር። ከሃንዲካፕ የወረደውን ሰው አረማመድ አያለሁ፣ ያነከሰውን በአንድ ዓምድ፣ ያላነከሰውን በሌላ እጽፋለሁ። አንድ ጠዋት ትከሻው የሰፋ፣ ሠላሳ ዓመት የማይሞላው ልጅ ካርዱን ሰቅሎ ቀጥ ብሎ ወረደና ወደ ሊፍቱ ሄደ። ደስ አለኝ፤ ሁለተኛው ዓምድ ሊሞላልኝ ነው። እርምጃውን እየቆጠርኩ ተከተልኩት። ግማሽ መንገድ ላይ ምሰሶ ተደግፎ ስልኩን አወጣ። ስክሪኑ ጥቁር ነበር። እኔም ሦስት መኪና ያህል ወደ ኋላ ቆሜ ስልኬን አወጣሁ። ሁለታችንም ምንም ሳናነብ ቆየን። ቀና ብሎ አየኝና «ልብ ነው» አለኝ። አልጠየቅኩትም ነበር፤ ማለት በአፌ። ከዚያ ወዲህ የአረማመድ ሰንጠረዡን ከጥናቱ አውጥቼዋለሁ። ቆንጆ ሰንጠረዥ ነበር።

የመጨረሻው ምልከታ የተደረገው በአንድ የበዓል እሑድ፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ነው። በዚያ ቀን እማማ ራሳቸው ወጡ። ካርዷ አልነበረችም፤ ታናሽየው ኤርፖርት ሥራ ይዟት ሄዶ ነበር። ብትኖርም አትጠቅምም፣ የሃንዲካፑ ቦታ ሁሉ ተይዟል፤ እያንዳንዱ መኪና ላይ ካርድ በወግ ተሰቅሏል። ታላቁ ልጅ በሩ ላይ ሊያወርዳቸው ፈለገ። የበሩን ፊት ለሁለት ደቂቃ የቆሙ መኪኖች ይዘውታል። ስለዚህ ከግቢው ዳር አወረዳቸውና ክንዳቸውን እኔ ያዝኩ።

ከዚያ እስከ በሩ በእኔ እርምጃ ከ200 ጫማ ትንሽ ይበልጣል። እማማ አራት ጊዜ አረፉ፤ በሃንዲካፕ የቆሙትን መኪኖች ኮፈን በየተራ እየተደገፉ። የመጀመሪያው ጋ ሲደርሱ ስፖኪዮው ላይ ያለችውን ካርድ አዩና ፊታቸው በራ።

«ይቺ እንደኔዋ ናት። የማናት?»

«የአንዲት እናት ትሆናለች፣ እማማ።»

«ይሄኛውስ?»

«እሱም የእናት ነው መሰለኝ።»

«እሰይ! ዛሬስ እኩዮቼ ሁሉ ወጥተዋል» አሉ፤ ነጠላቸውን አስተካክለው የቀረውን መንገድ ትንሽ ፈጠን ብለው ሄዱ።

ቅዳሴው አልቆ ሰው ሲወጣ በሩ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ወደ ውስጥ፣ ወደ አሮጊቶቹ ቦታ እያዩ ነበር።

«ልጄ» አሉኝ፣ «እነዚያ እናቶች በየት በኩል ተቀምጠው ነው ያጣኋቸው?»