ፕላዝማ የሚስማማው ሰፈር

«ሽሮ ሜዳ እያለ ነው የሚጮኸው ጋሼ፤ ቃሊቲ ከወረደ ወዲህ ዝም ብሏል።»

ተናጋሪው ቃሊቲ መናኸሪያ አካባቢ ያገለገለ ኤሌክትሮኒክስ የሚሸጥ ልጅ ነው። የተነገረለት ባለ 42 ኢንች ፕላዝማ ቴሌቪዥን ነው። ሰሚው ደግሞ ጉልበቱን በአቃቂ ፋብሪካዎች የጨረሰ ጡረተኛ መካኒክ፤ ማሽን ሲያቃስት በጆሮው ብቻ ሕመሙን የሚለይ ሰው። ሰው አየር ለውጦ ሲድን አይቷል። ሐኪም ያቃተው ዘመድ ሶደሬ ወርዶ ተሽሎት ሲመለስም ያውቃል። ቴሌቪዥን አየር ለውጦ ዳነ ሲባል ግን ገና መስማቱ ነው። «ጠበልም አስጠምቀኸው ይሆናል» ብሎ ወጣ።

ወጣ እንጂ ነገሩ አልለቀቀውም። ታክሲ ውስጥ ያብሰለስለዋል፤ ራት ላይ ጉርሻው እጁ ላይ ይቀራል። ነጋዴ ሲዋሽ የለመደ መንገድ አለው፤ «ኦሪጅናል ነው»፣ «የዱባይ ነው»፣ «ባለቤቱ ውጭ ሊሄድ ነው» ይላል። ታዲያ እነዚህ ሁሉ እያሉለት ይሄ ልጅ ማንም የማያምነውን ውሸት ምን ሊሠራበት ፈጠረው?

በእኛ አገር ቴሌቪዥን ብቻውን የሚገዛ ሰው የለም። መጀመሪያ «የሚያውቅ ሰው» ይፈለጋል። የሚያውቀው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚስት ወንድም ነው፤ ዕውቀቱም ከሁለት ዓመት በፊት ራሱ ቴሌቪዥን መግዛቱ ነው። ቀጥሎ «ስንት ኢንች?» ይመጣል። ኢንቹ ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ እንደሚለካ የሚነግረው ስለሌለ፣ ባለ 42ቱን ቤት አድርሶ በአግድም ሜትር የጣለበት ሰው 37 እንኳ የማይሞላ ሆኖ ሲያገኘው «ተሰረቅኩ!» ይላል። ከዚያ ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ይለብሳል፣ ሪሞቱ በላስቲክ ይጠቀለላል፣ ጠርዙ ላይ ያለው ስቲከር ራሱ ተልጦ እስኪወድቅ ማንም አይነካውም። ስለ ውስጡ የሚጠይቅ ከተገኘ ጥያቄው ያው የፈረደበት ነው፤ ፕላዝማ ይሻላል ኤልሲዲ?

የሚገርመው ክርክሩ ከሟች ጋር መሆኑ ነው። ፓዮኒር ከቴሌቪዥን ሥራ እወጣለሁ ያለው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ፓናሶኒክ በ2013 መጨረሻ ፕላዝማ ማምረት አቆመ፤ ሳምሰንግና ኤልጂም በ2014 ተከተሉት። ዛሬ ሱቅ ገብቶ «አዲስ ፕላዝማ አለ?» ለሚል ደንበኛ ሻጩ «ሞልቶ!» ብሎ የሚያወርድለት ኤልሲዲ ነው። «ኤልሲዲስ?» ቢለውም ያንኑ ያወርድለታል።

ልዩነቱ ግን ነበረ፤ ለወግ የሚበቃም ነው። የኤልሲዲ ዘር ማንዘሩ ከካሮት ይመዘዛል። እ.ኤ.አ. በ1888 ፍሪድሪክ ራይኒትዘር የሚባል ኦስትሪያዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ከካሮት በተገኘ ኮሌስትሮል የሠራውን ውህድ ሲያሞቅ ሁለት ጊዜ ሲቀልጥ አየ፤ መጀመሪያ ደፍርሶ፣ ሙቀቱ ሲጨምር ደግሞ ጠርቶ። በመሀል ያለው ድፍርስ ነገር ፈሳሽም ጠጣርም አልሆን ብሎ አስቸገረ፤ ፈሳሽ ክሪስታል ተባለ። ይህ ነገር በራሱ አያበራም። ሥራው ከኋላው የበራውን መብራት ማሳለፍና መከልከል ነው፤ በር ጠባቂ ነው ማለት ይቻላል። ድሮ ከኋላ የሚበራው የፍሎረሰንት አምፖል ነበር፤ አሁን ኤልኢዲ ሆኗል። ስለዚህ «ኤልሲዲ አይደለም፣ ኤልኢዲ ነው» ተብሎ ዋጋ የሚጨመርበት ቴሌቪዥን ያው ኤልሲዲው ነው፤ የተለወጠው አምፖሉ ብቻ ነው። ፕላዝማው ግን በር ጠባቂ የለውም። በሁለት መስታወት መካከል ኒዮንና ዜኖን ጋዝ የታሸገባቸው ጥቃቅን ክፍሎች አሉት፤ ኤሌክትሪክ ሲነካቸው እያንዳንዳቸው ራሳቸው ያበራሉ። ጨለማ ሲያስፈልግ ደግሞ ደብዘዝ ብለው ይተኛሉ። የፕላዝማ ጥቁር ጥቁር የሚሆነውም ለዚህ ነው።

መካኒኩን ያሰረው ሌላው ሳይሆን «የታሸገ ጋዝ» የሚለው ነው። የታሸገ ጋዝ ካለ ግፊት አለ። በፕላዝማው ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር ያነሰ ነው፤ የውጭው አየር መስታወቱን ከፊትም ከኋላም ተጭኖ ቀጥ አድርጎ ይይዘዋል። ወደ ከፍታ ሲወጣ ግን አየሩ ይሳሳል። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፉ ሩብ ያህል ያንሳል። ያኔ መስታወቱ እንደልብ አይጨበጥም፤ ኤሌክትሪኩ በሄደ በመጣ ቁጥር ይንቀጠቀጣል፤ «ዝዝዝ» ይላል። አምራቾቹም በመመሪያቸው ላይ ይህንን ጽፈውታል። ልኩ ከፋብሪካ ፋብሪካ ቢለያይም ከ2000 ሜትር እምብዛም ሳይርቅ ማስጠንቀቂያው ይጀምራል።

ልጁ አልዋሸም ማለት ነው። በማግስቱ መካኒኩ ተመልሶ ከየት እንዳወቀው ሲጠይቀው፣ ስለ ግፊት የሰማው አንዳች ነገር እንደሌለ ታወቀ። «እኔ ምን አውቃለሁ ጋሼ? ወደ ላይ የሸጥኩት ይመለስብኛል፤ ወደ ታች የሸጥኩት አይመለስም። ቢሾፍቱ የሄደማ ትንፍሽ አላለም።»

እንግዲህ ካርታው ይዘርጋ። እንጦጦ ከ3000 ሜትር ይበልጣል። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ 2334 ሜትር ላይ ነው። አቃቂ ከከተማይቱ ዝቅ ብላ 2100 ሜትር ገደማ ላይ ተኝታለች። አቃቂ ቃሊቲ ዕድሜዋን ሙሉ ዝቅታዋ እንደ ጥፋት ሲቆጠርባት ኖሯል። የላይኛው ከተማ ፍሳሽ በአቃቂ ወንዝ ወደ እሷ ይወርዳል፤ ጭሱ፣ ከባድ መኪናው፣ ጉምሩኩ፣ ማረሚያ ቤቱ እሷ ዘንድ ነው። «የት ነህ?» ሲባል «ቃሊቲ» ያለ ሰው «በደህና ነው?» ሳይባል አይቀርም። ይቺ ሰፈር በመላው አዲስ አበባ ፕላዝማ በሰላም ሊኖርባት የምትችል ከሁሉ የተሻለች ቦታ ሆና ስትገኝ አንድ የክብር ሰሌዳ እንኳ አልተተከለላትም። ውሃ እንኳ እዚህ ከእንጦጦ በሦስት ዲግሪ ያህል ሞቆ ነው የሚፈላው፤ ሽሮው ቶሎ የሚበስለው በማን ሆነና! የቤት ደላሎች ስለ አስፋልትና ስለ ባቡር ያወራሉ። የአየር ግፊቱን ያነሳ ደላላ እስካሁን አልተሰማም። ቱሉ ዲምቱና ገላን ኮንዶሚኒየም ያለ ሊፍት አራተኛ ፎቅ የደረሰው ሰው ቢሰጋ፣ አራት ፎቅ የሚጨምረው አሥራ ሁለት ሜትር ገደማ ነው፤ ጋዙ አይሰማውም። የሚሰማው ሠላሳ ኪሎ የሚጠጋውን ቴሌቪዥን የተሸከመው ልጅ ነው።

ፕላዝማ ሲነሳ ግን ሳሎን ብቻ አይታወስም። በ1997 ዓ.ም. ፕላዝማ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ገባ። ሒሳቡ፣ ፊዚክሱ፣ ባዮሎጂው በአብዛኛው ደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በሳተላይት እየመጣ፣ በእንግሊዝኛ፣ ለዘጠነኛ ክፍል ልጅ ይነበነብለት ጀመር። ስሙ ሲጠራ የአንድ ትውልድ ሆድ የሚያመው ለዚህ ነው። ፕላዝማው አይጠየቅም። አይቆምም። «አልገባኝም» ቢባል አይሰማም። ጥያቄ ይሰጣል፣ ደቂቃ ይቆጥራል፣ ማንም ሳይመልስ መልሱን ነግሮ ያልፋል። አምስት ዓመት፣ አሥር ዓመት ያስተማረ መምህር ጥግ ቆሞ ሪሞት ያዥ ሆነ። መብራት ከሄደ ትምህርቱ ሄደ፤ የሄደው ትምህርት ደግሞ አይመለስም፤ ሳተላይቱ የደብረ ብርሃንን መብራት አይጠብቅም። ደብረ ብርሃን ያለችው 2800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ያንን ዕቃ ለእንዲህ ያለ ደጋ ሲያዝዙ የመመሪያውን ያቺን አንዲት መስመር ያነበበ ሰው ነበረ? ቃሊቲ ያለ ቸርቻሪ በመመለሻ ብዛት የደረሰበትን ነገር ለመላው አገር የሚገዛ አካል ሊደርስበት አይገባም ነበር? ድምፁስ ይሁን፤ ልጅ ዝዝታ ይችላል። እጁን አውጥቶ «መምህር!» ሲል የሚሰማው ማጣቱ ግን በምን ይካሳል?

ይህን ይበልጥ የሚያናድድ የሚያደርገው የፕላዝማ አወላለድ ነው። ፕላዝማን እ.ኤ.አ. በ1964 በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የፈጠሩት ዶናልድ ቢትዘር፣ ጂን ስሎቶውና ተማሪው ሮበርት ዊልሰን ናቸው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥርጭት የጀመረውም በዚያው ዓመት ነው። እነ ቢትዘር ፕላዝማን የፈለጉት ለኳስም ለፊልምም አልነበረም፤ ፕሌቶ ለሚባል የኮምፒውተር ትምህርት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1972 በወጣው ፕሌቶ ላይ ተማሪው ብርቱካናማውን ፕላዝማ በጣቱ ነክቶ ይመልሳል፤ ማሽኑም የተማሪውን መልስ አይቶ፣ እንደ ተማሪው ፍጥነት ይቀጥላል። ተማሪውን እንዲጠብቅ የተፈጠረ ዕቃ አርባ ዓመት ተጉዞ እኛ ዘንድ ሲደርስ ማንንም የማይጠብቅ ሆነ።

ለነገሩ የዚያን ጊዜ ልጆች አድገው ዛሬ ቲቪ ገዢዎች ሆነዋል፤ ከነልጆቻቸው ይከራከራሉ። ንዴቱም ለፕላዝማው ሊሆን አይገባም። መስታወትና ጋዝ ምን ያውቃል?

ደግሞ ሐቁን መናገር ይገባል፤ ለኳስ ፕላዝማ ሸጋ ነበር። ኳሱ ሲከንፍ ጭራ አያወጣም። ከጎን ሆኖ ለሚያይም ቀለሙ አይለወጥም። ይህ ደግሞ ለእኛ ቤት ትልቅ ነገር ነው፤ እንግዳ በበዛበት የኳስ ማታ መሀል ሶፋ የሚደርሰው ለሁለት ሰው ነው፤ ሌላው በርጩማ ላይ፣ በር ላይ፣ ከምድጃው አጠገብ ሆኖ ነው የሚያየው። ርካሽ ኤልሲዲ ለበሩ ሰው አርሰናልን አመድ ያለብሰዋል። በሩ ወለል ብሎ ለሚከፈት፣ ፀሐይ ለሚገባበት ቡና ቤት ግን ድምቀቱ ለኤልሲዲ ነው፤ ፕላዝማ በፀሐይ ላይ መስታወት ብቻ ይሆናል።

ፕላዝማ መብራት ይበላል የሚለውም ስሞታ አለ። ይበላል፤ ባለ 42ቱ እንደ ምስሉ ድምቀት ከ200 ዋት በላይ ይወስዳል፤ ኤልኢዲው ከዚያ ግማሽ አይሞላም። ይህን የሚያማርረው ቤት ግን በሳምንት ሁለት ቀን 3500 ዋት ምጣድ ይጥዳል። በአቃቂ ወንዝ ላይ ያለው አንጋፋው የአባ ሳሙኤል ማመንጫ ጠቅላላ አቅሙ 6.6 ሜጋ ዋት ነው፤ ሙሉ ኃይሉን ቢሰጥ የሚያግለው ምጣድ 1900 አይሞላም፤ ፕላዝማ ቢሆን ግን በ200 ዋት ሒሳብ 33 ሺህ ያበራል። እንጀራን ትቶ ፕላዝማ የሚያይ አገር እስኪመጣ ድረስ ስሞታው ወደ ምጣዱ ቢዞር ይሻላል። ይህንን ለሚስቱ የሚነግር ባል ግን ከቃሊቲም ከቢሾፍቱም አልተገኘም።

መካኒኩ ሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ማየት የሚገባውን ያውቅ ነበር። ማያውን ነጭ አስደርጎ ጥጉን መረመረ። ፕላዝማ ላይ አንድ ምስል ለብዙ ሰዓት ከቆመ ጥላው ይቀራል፤ የቀድሞው ባለቤት ዕድሜውን ምን ሲያይ እንደኖረ የጣቢያው አርማ ጥግ ላይ ይመሰክርበታል። ይኼኛው ላይ ሁለት አርማ ተደራርቧል። «ሁለት ሚስት የነበረው ሰው ነው እንዴ?» አለ። ልጁ ሳቀ። ዋጋ ላይ ሲደርሱ መብራት ሄደ፤ ምስሉም አብሮ ጠፋ። «ነገ ይምጡ ጋሼ።»

የሚስቱ ወንድም ደግሞ ይህንን ሲሰማ ፕላዝማውንም ኤልሲዲውንም ትቶ ስለ ኦሌድ ማውራት ጀምሯል። ኦሌድም እንደ ፕላዝማው እያንዳንዱ ነጥብ ራሱ ነው የሚያበራው፤ አርማም ይይዛል፤ ጋዝ ስለሌለው ግን እንጦጦ አናት ላይም አይጮኽም። ዋጋው ነው የሚያስጮኸው።

አዲስ የምትገዙ እንግዲህ ምርጫ የላችሁም፤ ኤልኢዲውን ውሰዱ፣ በራችሁ ላይ የሚቀመጠውን እንግዳ አስባችሁ ከጎን እዩት፣ ስታቢላይዘሩንም አትርሱ። ያገለገለ ፕላዝማ ያማራችሁ ደግሞ ጥጉን እዩ፣ ድምፁን ዝጉና ጆሯችሁን ከጀርባው አስጠጉ። ከሳሪስ በላይ የምትኖሩ ግን ተዉት፤ ቢሾፍቱ ልትዛወሩ ካላሰባችሁ በቀር።