16 ሚሊዮን ምት ለአንዲት አምፖል

ኧረ ምን ጉድ ነው! ስንቱን ሬዲዮ ከሞት ያስነሳሁ ሰው፣ በስተርጅና አንዲት ሚጢጢ ቀይ አምፖል ብልጭ ድርግም ስትል ቁጭ ብዬ ላጨብጭብ? «አባባ፣ ይዩልኝ!» ይላል የልጅ ልጄ። ምኑን ልይ? ግድግዳው ላይ ማብሪያ ማጥፊያ አለን እኮ!

አምፖሏን የሚያዘው አትሜጋ 328ፒ የሚሉት ባለ 28 እግር ማይክሮኮንትሮለር ነው። እንደ ሙሽራ ያለ ሚዜ ንቅንቅ አይልም። 5 ቮልት ብቻ አይበቃውም፤ ከኃይል መግቢያው ሥር 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር ይቁምልኝ ይላል። በውስጡ ያሉት ትራንዚስተሮች በአንዴ ሲገለባበጡ ቮልቴጁ ለቅጽበት ስለሚወርድ ነው አሉ። የሪሴት እግሩም በ10 ኪሎኦም ሬዚስተር ከ5 ቮልቱ ጋር ይታሰር፤ አለዚያ ባለፈ ባገደመ ረብሻ ሥራውን ጥሎ ከሀ ሊጀምር ይችላል። አቤት መቀማጠል!

ምት የሚሰጠው ክሪስታል ደግሞ አለ። ኤሌክትሪክ ሲነካው በሰከንድ 16 ሚሊዮን ጊዜ የሚንዘፈዘፍ የኳርትዝ ስባሪ ነው፤ እሱም ግራና ቀኝ 22 ፒኮፋራድ ካፓሲተር ካላጀቡት አይሆንም። አንዱ ምት 62.5 ናኖሰከንድ። ይህ ሁሉ ጥድፊያ ለምን ቢሉ፣ አንዲት አምፖል አንድ ሰከንድ አብርቶ ለማጥፋት! እኛ በባትሪ ድንጋይ ስንት አገር እናዳምጥ ነበር።

ልጁ ሁሉንም ደረደረና ለኮሰው። አንድ ሰከንድ ትብራ የተባለችው አምፖል 16 ሰከንድ በርታ ቀረች። ለካ ማይክሮኮንትሮለሩ፣ ችፑ ማለት ነው፣ ከፋብሪካ ሲወጣ የሚሄደው በገዛ ውስጡ ባለ 8 ሜጋኸርዝ ምት ነው፤ እሱንም ለ8 አካፍሎ 1 ሜጋኸርዝ ያደርገዋል። የልጁ ፕሮግራም ግን በ16 ሜጋኸርዝ ሂሳብ ተጽፏል። ቅንብሩ ካልተለወጠለት ክሪስታሉን ዞር ብሎም አያየውም! ገንዘብ አውጥተን፣ አጃቢ ቀጥረን ያቆምነውን ክሪስታል!

ቅንብሩ ተስተካከለ፤ አምፖሏም አደብ ገዛች። እስቲ ልጁ የገጠመለትን ቁልፍ ልጫን ብል ጌታው ችፕ አይሰማም። «አንድ ሰከንድ ጠብቅ» ከተባለ ቆጠራ ላይ ነው፤ ነካ አድርጌ ብለቀው ማን አይቶኝ! በ16 ሚሊዮን ምት ፍጥነት ሥራ መፍታት አይገርምም?

«አባባ፣ እንዲያ ቆሞ አይጠበቅም፤ ሚሊስ ያለፈውን ጊዜ ይነግረናል፣ እስከዚያ ቁልፉን እናያለን» አለኝ። ሚሊስ የሚሉት ችፑ ከተነሳ ጀምሮ ሚሊሰከንድ የሚቆጥረው ነው። እሱም ቢሆን 49 ቀን ከ17 ሰዓት ገደማ ሲሞላው ጭልጥ ብሎ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ያዝኩህ አልኩ! ልጁ ግን የአሁኑን ካለፈው ጋር ማወዳደር ሳይሆን መቀነስ ነው፤ በዜሮ ቢያልፍም ልዩነቱ ልክ ይወጣል ብሎ ድርቅ አለ። መነጽሬን አድርጌ ወረቀት ላይ ሠራሁት። ልክ ነው። ይኸው እሱም አናደደኝ።